ስለ ፍላጻና ደጋን መመጣጠን
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ቀስተኛ ኢላማውን ሲስት ሰው ሁሉ እጁንና ዓይኑን ይወቅሳል። አንዳንድ ጊዜ ግን ጥፋቱ የፍላጻው ነው።

አውታሩ ሲለቀቅ ፍላጻው ከኋላው በድንገት ስለሚገፋ ይጎብጣል፤ እንደ ዓሣ እየተወዛወዘም የደጋኑን እንጨት ዞሮ ያልፋል። ይህንንም አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ክላረንስ ሂክማን በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፈጣን የፊልም መሣሪያ አንሥተው አሳይተዋል። ስለዚህ የፍላጻው ግትርነት ከደጋኑ ኃይል ጋር መመጣጠን አለበት። ለብርቱ ደጋን ልፍስፍስ ፍላጻ ብንሰጠው ተሰብሮ እጅን ሊያቆስል ይችላል።

ግትርነቱ እንዴት ይለካል? ፍላጻው 71 ሳንቲሜትር በተራራቁ ሁለት መደገፊያዎች ላይ ይጋደምና ከመካከሉ 880 ግራም ክብደት ይንጠለጠልበታል። ብዙ ከጎበጠ ልፍስፍስ፥ ጥቂት ከጎበጠ ግትር ነው።

ሁለተኛው ምርመራ በሜዳ ላይ ነው። ላባ የበረራን ጉድለት ስለሚያርም፥ ላባ ያላቸውን ሦስትና ላባ የሌለውን አንድ ፍላጻ በ18 ሜትር ርቀት እንወርውር። አውታሩን በቀኝ እጁ ለሚስብ ሰው፥ ላባ የሌለው ዘወትር ወደ ግራ ካረፈ ፍላጻው እጅግ ግትር ነው፤ ጫፉን ከባድ ማድረግ ይረዳል። ወደ ቀኝ ካረፈ ልፍስፍስ ነው፤ ማሳጠር ያግዘዋል። የተቆረጠ ግን አይቀጠልምና በጥቂት በጥቂቱ ይሁን።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ የሳተውን ጓደኛችንን ሰነፍ ከማለታችን በፊት ፍላጻውን እንመርምርለት።