ስለ ተመላላሹ የሆድ ሕመም



ሆዳችን በየጊዜው እየታወከ ሐኪም ዘንድ ስንቀርብ የምንሰማው መልስ «ሰገራው ንጹሕ ነው፤ የፈተና ጭንቀት ነው» የሚል ነው። ጭንቀቱስ አይካድም፤ ነገር ግን ግሳታችንን እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚያገማው ፈተና ነውን?

ጃርዲያ የሚባለው ተውሳክ በየቀኑ ከሰገራ ጋር አይወጣም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ተፈልጎ መታጣቱ የለም አያሰኝም፤ በልዩ ልዩ ቀን 3 ጊዜ ይታይልን ብለን ሳናፍር እንጠይቅ። ከዳንን በኋላም ወተት ለሳምንታት ሊያስቀምጠን ይችላል፤ ያ ሁልጊዜ በሽታው ተመለሰ ማለት አይደለም።

የሚመልሰውስ ብዙ ጊዜ ውሃው ነው። ተውሳኩ ጠንካራ ሽፋን ለብሶ ክሎሪንን ይቋቋማል፤ ማፍላት ግን ይገድለዋል። በምግብ ቤቱ የፈላ ውሃ እንዲቀርብልን ማኅበራችን ይጠይቅልን።