ከፊት የሚሮጠው ሰው ዱካ

እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል፤ አየሩ ትንፋሽ ያሳጥራል። ሯጮች በማለዳ በባሕር ዛፉ መሃል ተሰልፈው፣ እየተጠማዘዙ ይሮጣሉ። ሥሩና ድንጋዩ እግር ይጠልፋል። ስለዚህ ከኋላ ያለው ዓይኑን ከፊተኛው ተረከዝ ላይ አይነቅልም፤ ያኛው በረገጠበት ይረግጣል። እንዲህ ሲሮጡ ባየሁ ቁጥር የጴጥሮስ የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 2 ትዝ ይለኛል። ሐዋርያው እዚያ ላይ ስለ ክርስቶስ ዱካ ይናገራል። ልቤን የሚነካው ግን ለማን እንደጻፈው ነው፤ ያለ በደላቸው ለሚገፉ አገልጋዮች ነው እንጂ መንገዱ ለተደላደለላቸው አይደለም። ዳገቱን ጌታ ራሱ ቀድሟቸው ወጥቶታል። ዛሬ ጠዋትም ያለ ጥፋቱ ተወቅሶ፣ ወደዚያው ሥራ ለመመለስ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው እያዳመጠን ይሆናል። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ያ መልእክት ለእናንተም ነው።