ለተማሪ ልጅ የሚገዛ ላፕቶፕ መጠኑ ስንት ይሁን?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በፊታችን ያለው ጉዳይ የታወቀ ነው። ባለፈው ዓመት የቀበርነው አባላችን ልጅ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ተመድባለች። እድሩ ላፕቶፕ ይግዛላት የሚለውን ሁላችንም በአንድ ቃል ደግፈናል። የተለያየነው በመጠኑ ላይ ነው። ገሚሱ «ትልቁ ይገዛላት፣ የእድራችን ስም ነው» ይላል። እኛ ደግሞ መካከለኛው ይበቃል ባዮች ነን። ምክንያቱን ሳንደብቅ እንናገራለን። የተማርነው እስከ 6ኛ ክፍል ነውና የምናወራው በቤታችን የደረሰውንና ሰው ጠይቀን የተረዳነውን ነው።

በመጀመሪያ የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የልጅ ልጃችን ሩቅ አገር ተመደበ። አንድ በሬ ሸጥንና በአቀስታ በኩል ደሴ ድረስ ይዘነው ሄድን። ባለሱቁ ሦስት ዓይነት ደረደረልን። ልጁ መካከለኛውን አነሣ። እኛ ግን «እንዴ! በሬ ተሽጦ ይህ ደብተር የሚያክል ነገር ይገዛል?» ብለን ትልቁን፣ ባለ 17.3 ኢንቹን፣ አስጠቀለልን። ልጁ ዝም አለ፤ ለአያት አይመለስማ።

በዓመቱ ለእረፍት ሲመጣ ላፕቶፑን ይዞ አልመጣም። ብንጠይቀው አፈረና ዞሮ ለአያቱ ነገራት። ለካ ዕቃው በተማሪ ቦርሳ አይገባም። ክፍል ውስጥ ያለው ወንበር የመጻፊያ ክንዱ ጠባብ ስለሆነ ግማሹ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ባትሪው ሁለት ሰዓት አይሞላም፤ በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ደግሞ ከመሰኪያው አጠገብ ያለው ቦታ በጠዋት ይያዛል። ስለዚህ መኝታ ክፍሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፎበት፣ ዓመቱን ሙሉ በስልክ ሲያነብ ከርሟል። «ምነው ሳትነግረን?» ብንለው «በሬውን እያሰብኩ» አለን። ያን ቀን ያፈርነው እኛ ነን። ትልቁን የገዛነው ለእኛ ክብር እንጂ ለእሱ ትከሻ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ነገሩን አጥብቀን ጠየቅን። የላፕቶፕ ልክ የሚባለው የስክሪኑ ሰያፍ ርዝመት ነው። ከአንዱ ጥግ እስከ ትይዩው ጥግ፣ የሚበራው ክፍል ብቻ ይለካል፤ ጠርዙ አይቆጠርም። አንድ ኢንች 2.54 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ባለ 13.3 ኢንቹ ወደ 34፣ ባለ 14ቱ 35 ተኩል፣ ባለ 15.6ቱ ወደ 40፣ ባለ 17.3ቱ 44 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። የልብስ ሰፊ ሜትር ይዞ የሄደ ሰው አይታለልም።

ክብደቱም እንደዚያው ይለያያል። ባለ 14 ኢንቹ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ኪሎ ተኩል አይርቅም። ባለ 15.6ቱ ወደ ሁለት ኪሎ ይጠጋል። ባለ 17.3ቱ ሁለት ተኩልም ሦስትም ኪሎ ይገኝበታል። የቻርጀሩ ክብደት ከዚህ ሌላ ነው። አንድ ኪሎ ምን አላት ትሉ ይሆናል። ከመኝታ ክፍል ወደ ትምህርት ክፍል፣ ከዚያ ወደ ቤተ መጻሕፍት በቀን ስንት ጊዜ የሚመላለስ ልጅ ግን ያውቃታል። በአውቶቡስ ሲመጣም ላፕቶፕ ከጣራ ላይ ከጆንያ ጋር አይታሰርም፤ ጭን ላይ ነው የሚቀመጠው።

ትልቁ ለማንም አይሆንም ማለታችን ግን አይደለም። የአርክቴክቸርና የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ፕላን ስለሚነድፍ ሰፊ ስክሪን ይፈልጋል። የሒሳብ አያያዝ ተማሪም በባለ 15.6ቱ ላይ ብዙ ጊዜ በቀኝ በኩል ለብቻው የሚገኘው የቁጥር መምቻ ይጠቅመዋል። ዓይኑ የደከመም አለ። እዚሁ መካነ ሰላም ባለው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተመድቦ ከቤቱ የሚመላለስ ልጅ ቢሆን ደግሞ፣ ትልቁን ቤት አስቀምጦ ማታ ማታ ሊሠራበት ይችላል። የእኛ ልጅ ግን የተመደበችው ሩቅ ነው። በዚያ ላይ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ስለሆነ ምን እንደምታጠና ገና አልታወቀም። ባለ 14 ኢንቹን ኋላ ካስፈለገ በገመድ ከትልቅ ስክሪን ጋር ማገናኘት ይቻላል። ትልቁን ግን ቆርጦ ማሳነስ አይቻልም።

ይህ ነገር ለእኛ አዲስ መሆን አልነበረበትም። በጸሐፊነት ስናገለግል መሥሪያ ቤታችን ሁለት የጽሕፈት መኪና ነበረው። አንደኛው ረጅሙ፣ ሰፊ የደመወዝ ሊስት የሚመታበት ነው፤ እሱ ከጠረጴዛው ተነሥቶ አያውቅም። ሁለተኛው ትንሹ፣ እጀታ ያለው፣ ወደ ገጠር ስንወጣ በበቅሎ የሚጫነው ነው። ለመስክ ሥራ ረጅሙን ይጫን ያለ አለቃ አልገጠመንም። ይህን እያወቅን ነው ለልጃችን ረጅሙን የጫንነው!

መጠን ብቻውንም አይበቃም። ያገለገለ ዕቃ የምንገዛ ከሆነ ውስጡም ይታይ። ዊንዶውስ 10 የሚባለው ፕሮግራም መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11ን በደንቡ የሚቀበሉት፣ ኢንቴል ከሆኑት ውስጥ፣ በጠቅላላው ከ8ኛ ትውልድ ወዲህ ያሉት ናቸው። ራሙ 8 ጊጋ፣ ማከማቻው ኤስ ኤስ ዲ ይሁን። ባትሪው ከመሰኪያ ተነቅሎ እዚያው ሱቅ ውስጥ ይሞከር። ከሥያሜው ብቻ መጠኑን ማወቅ የሚቻልበትም አለ፤ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 የሚለው ባለ 14 ኢንች ነው፣ 850 የሚለው ባለ 15.6 ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር አንዘነጋም። ስለዚህ መጻሕፍቷን በውስጡ ይዛ የምትሄድበት በቂ ቦታ ይኑረው።

ለምን ይህን ያህል ትጨነቃላችሁ የሚል ቢኖር መልስ አለን። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲመረቅ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፤ የሚፈተነውም በኮምፒዩተር ነው። እጇ ከወዲሁ ያልለመደ ልጅ ያን ቀን ከጥያቄው ጋር ብቻ ሳይሆን ከመኪናውም ጋር ትታገላለች። እጅ ደግሞ የሚለምደው ከሰው ጋር አብሮ የሚውለውን ዕቃ ነው።

የእድራችንን ድንኳን አስቡ። ትልቁም ትንሹም አለን። ግቢው ጠባብ ለሆነ ኀዘንተኛ ትልቁን ተሸክመን ሄደን፣ አጥር ለማፍረስ ተገደን መመለሳችንን የምታስታውሱ አላችሁ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ግቢውን እናያለን፣ ከዚያ ድንኳኑን እናወጣለን። ለልጅቱም እንዲሁ ይደረግላት።

እንግዲህ ሐሳባችን ይህ ነው። ባለ 14 ኢንች ይገዛላት። በዋጋ የሚተርፈው ለጠንካራ ቦርሳና ለመንገዷ ይሁን። ለግዢውም ሽማግሌ ብቻ አይሄድም፤ እሷ ራሷ ትሂድ። ዕቃውን በቦርሳ ከትታ፣ በትከሻዋ አንግባ፣ ከሱቁ በር ላይ ወዲያና ወዲህ ትራመድ። «ይህ ይሻለኛል» ስትል፣ እኛ ዝም እንበል። የእኛ ልጅ ያልተሰማውን እሷ ትሰማ።

አባቷን በክብር ሸኝተናል። እሷን ደግሞ ሸክሟን አቅልለን እንሸኛት።