የድምፅ ፕለጊን አሠራርና አስተሻሸግ
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የኮምፒዩተር ክበብ አባሎች ያሰሙት ንግግር



 የምንናገርበት ጉዳይ ስሙ እንግዳ ቢመስልም ነገሩ ለማንም የሚገባ ነው። ይኸውም ድምፅ የሚያሰማ ትንሽ ፕሮግራም ጽፈን ከጨረስን በኋላ፥ ያ ፕሮግራም በሌላ ሰው ኮምፒዩተር ላይ እንዲሠራ፥ እኛም ከዚህ ግቢ ከወጣን በኋላ እንዲኖር ምን ማሰናዳት ያስፈልጋል የሚለው ነው።

አስቀድመን ስለ መሣሪያው እንናገር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1960ዎቹ ዓመታት ሮበርት ሙግና ዶን ቡክላ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን፥ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው፥ ክፍሎቹ በሽቦ እየተያያዙ በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚያወጣ ሲንተሳይዘር ሠሩ። መሣሪያው ዋጋው ከባድ ነበር። በ2017 አንድሩ ቤልት የተባለ ሰው ይህንኑ አሠራር በኮምፒዩተር መስኮት ላይ የሚያሳይ ቪሲቪ ራክ የሚባል ፕሮግራም አወጣ፤ በነጻም ይገኛል። ሞጁሎቹ በመስኮቱ ላይ ተደርድረው ይታያሉ፤ ሽቦውን በማውስ እየጎተቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሰካሉ። የራሱን ሞጁል ጽፎ ሊጨምር የሚወድ ሰው አይከለከልም፤ እንዲህ ያለው ተጨማሪ ሥራ ፕለጊን ይባላል።

የክበባችን ፕለጊን የመጣለትን ድምፅ ወደ ትዝታ ቅኝት የሚያስጠጋ ነው። በራክ ውስጥ የድምፅ ከፍታ የሚለካው በቮልት ሲሆን አንድ ቮልት አንድ ኦክታቭ ነው። ኦክታቩ ለ12 እኩል እርምጃ ሲከፈል፥ የሜጀር ትዝታ አምስቱ ድምፆች በ0፥ በ2፥ በ4፥ በ7 እና በ9 እርምጃ ላይ ይገኛሉ። ሞጁላችን የገባለትን ቮልት ከእነዚህ መካከል ወደ ቅርቡ ይወስደዋል። የመሰንቆ መቺ ጆሮ ከ12 እርምጃ ይልቅ እጅግ የረቀቀ መሆኑን አልዘነጋንም፤ እርሱን ለሚቀጥሉት አባሎች ትተነዋል።

እንግዲህ ኮዱን መጻፍ የሥራው እኩሌታ እንኳ አይደለም። እኛ የምንጽፈው ሲ ፕላስ ፕላስ በሚባለው ቋንቋ ነው፤ ይህንንም ኮምፓይለር የተባለው ፕሮግራም ወደ ማሽን ቋንቋ መለወጥ አለበት። ለዊንዶውስ የተለወጠው ለሊኑክስ አይሆንም፤ የሊኑክሱም ለማክ አይሆንም። በማክ መካከል እንኳ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለውና የአፕል ፕሮሰሰር ያለው ስለሚለያዩ፥ ከአንዱ ኮድ አራት ዐይነት እሽግ መውጣት ይኖርበታል።

ይህን ሁሉ በእጅ እየጻፉ ማዘዝ አድካሚ ስለ ሆነ፥ በ1976 ስቱዋርት ፌልድማን በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ሜክ የሚባለውን ፕሮግራም ሠራ። ሜክ የሚታዘዘው ሜክፋይል በሚባል ጽሑፍ ነው፤ ይህም የወጥ አሠራር እንደ ተጻፈበት ወረቀት፥ ምን ከምን እንደሚሠራ ይናገራል። ራክ ለፕለጊን ጸሓፊዎች ኤስዲኬ የተባለ ጥቅል ስለሚሰጥና አብዛኛው ትእዛዝ በዚያ ውስጥ ስለ ተጻፈ፥ የእኛ ሜክፋይል አጭር ነው። ኤስዲኬው በየትኛው ፎልደር እንዳለ፥ የትኞቹ የኮድ ፋይሎች እንደሚለወጡ፥ ከእሽጉም ጋር የሚሄዱት ሥዕሎች የትኞቹ እንደ ሆኑ ብቻ ይነግራል። ከዚያ ወዲያ ሜክ ዲስት ብሎ ማዘዝ ነው። አዝራር ብቻ መጫን የሚበቃባቸው ፕሮግራሞች እያሉ ለምን ትደክማላችሁ ያሉን ሰዎች አልጠፉም፤ ነገር ግን አዝራር ምን እንደ ሠራ ለተተኪው አይነግረውም።

ሜክ ጊዜ የሚቈጥበው የተለወጠውን ፋይል ብቻ እንደገና በመሥራት ነው፤ ይህንንም የሚያውቀው ፋይሎቹ የተጻፉበትን ሰዓት በማስተያየት ነው። በክፍላችን ካሉት አሮጌ ኮምፒዩተሮች አንዱ የውስጥ ባትሪው ስለ ሞተ፥ መብራት በጠፋ ቍጥር ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ያን ጊዜ ዛሬ ያረምነው ኮድ ትናንት ከተሠራው ይልቅ ያረጀ ይመስላል፤ ሜክም የተለወጠ ነገር የለም ብሎ ዝም ይላል! ስለዚህ በመመሪያ ወረቀታችን ላይ የመጀመሪያው መሥመር «የኮምፒዩተሩን ሰዓት አስተካክል» የሚል ነው። ሁለተኛው በፎልደር ስም ውስጥ ባዶ ቦታ እንዳይገባ ያሳስባል፤ ሜክ ባዶ ቦታን እንደ ስም መለያያ ይቈጥረዋልና። ሦስተኛው ስለ ላቲን ትልቅና ትንሽ ፊደል ነው። ዊንዶውስ ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያል፤ ሊኑክስ ግን ለይቶ ይይዛል። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለማያውቅ ይህ ለእኛ ሰው ቶሎ አይታየውም።

ከፕለጊኑ ጋር የሚሄድ አንድ መግለጫ ፋይልም አለ፤ መለያ ስሙና የዕትሙ ቍጥር የሚጻፉት በእርሱ ላይ ነው። መለያ ስሙ አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ ከቶ መለወጥ የለበትም፤ ሰው ያስቀመጠው ሥራ ሞጁሉን የሚፈልገው በዚያ ስም ነውና። በዚህ ምክንያት በስሙ ላይ ሁለት ስብሰባ ሙሉ ተከራክረናል።

ስለ ዕትሙ ቍጥር ግን ጥቂት ቈም ብለን እንናገር። በኅዳር 2021 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሁለተኛው ራክ ወጣ። ለአንደኛው የተሠሩት ፕለጊኖች በሁለተኛው ስለማይከፈቱ እንደገና መሠራት ነበረባቸው። ለብዙዎቹ የሚያስፈልገው ቍጥሩን ከ1 ወደ 2 ለውጦ እንደገና ሜክ ማለት ብቻ ነበር። ይህን የሚያደርግለት ሰው ያላገኘ ፕለጊን ግን ኮዱ አንዳች ሳይጎድለው ከአሮጌው ራክ ጋር ቀረ። ከክበባችን ሰባት አባሎች አምስታችን የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ነን። ሦስተኛው ራክ በሚወጣበት ጊዜ ከእኛ ማናችንም በዚህ ግቢ አንገኝም።

ስለዚህ ፈተና አደረግን። ኮዱን አይተው የማያውቁ ሁለት የ9ኛ ክፍል ተማሪዎችን ጠርተን፥ ምንም ያልተጫነበት አንድ ኮምፒዩተር፥ አንድ ፍላሽና የመመሪያውን ወረቀት ሰጠናቸው። ኢንተርኔት የማይታመን ስለ ሆነ ኮምፓይለሩና ኤስዲኬው ከነቍጥራቸው በፍላሹ ላይ ነበሩ። እኛ ከበር ውጭ ቈመን ጠበቅን። ሁለት ጊዜ ወጥተው ጠየቁን፤ ሁለቱንም ጊዜ መልሱን በቃል አልነገርናቸውም፥ በወረቀቱ ላይ ጨምረን ጻፍነው እንጂ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌሎች ሁለት ተማሪዎች ገቡ፤ እነርሱ ምንም ሳይጠይቁን፥ ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ፥ የትዝታው ድምፅ በበሩ በኩል ተሰማን።

ፍላሹና ወረቀቱ ከዛሬ ጀምሮ በቤተ መጻሕፍታችን ይቀመጣሉ። የኮምፒዩተር ክፍሉም እስከ ማታ ክፍት ስለ ሆነ፥ መሞከር የሚወድ ሁሉ ይግባ፤ በወረቀቱ ላይ ያልገባውን ነገር በጠርዙ ላይ በእርሳስ ቢጽፍልን ደስ ይለናል።