ደመወዙ የገባው በማን ስም ነው?

የዛሬው ወጋችን ስለ ባርነት ነው። ጣቢያ ለመቀየር እጃችሁን ከመስደዳችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል፤ የማወጋችሁ ስለ ጥንቱ አይደለም። የሥራ ውል ስላለው፣ የደንብ ልብስ ስለሚለበስበት፣ ደመወዙም በባንክ ስለሚገባው ባርነት ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቦታው እንግሊዝ ነው፤ በርሚንግሃም አካባቢ ያሉት እነ ዌስት ብሮምዊችና ዋልሶል። አንድ የፖላንዳውያን የወንጀል ቡድን ከገዛ አገሩ ሰው ይመለምላል። የሚመለምለውም አውቆ፣ መርጦ ነው፤ ጎዳና ላይ ያለውን፣ ከእስር ቤት ገና የወጣውን፣ መጠጥ የጣለውን። ጠፋ ብሎ የሚፈልገው ዘመድ የሌለውን ማለት ነው። «እንግሊዝ ሥራ ሞልቷል፣ ማደሪያም አዘጋጅተናል» ይሉታል። ሲደርስ የሚጠብቀው አራት ሰው በአንድ ክፍል የሚታጎርበት የቆሸሸ ቤት ነው። ከመካከላቸው ገላውን በከተማው የጀልባ ቦይ ውስጥ ይታጠብ የነበረ ሰው አለ። ጠዋት ጠዋት ወደ እርሻ፣ ወደ ቆሻሻ መለያ ጣቢያ፣ ወደ ሥጋ ማዘጋጃ ፋብሪካ ይወሰዳሉ። የሳምንት ድካማቸው 20 ፓውንድ የሆነባቸው ነበሩ። ቤት ቀብቶ ቡናና አንድ ዶሮ የተከፈለውም አለ! ያጉረመረመ ይደበደባል።

በ2015 ከተጎጂዎቹ ሁለቱ አምልጠው ሆፕ ፎር ጀስቲስ ለተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት ጉዳቸውን ተናገሩ። ፖሊስ «ኦፐሬሽን ፎርት» ብሎ የሰየመው ምርመራ ተከተለ፤ በ2019 ስምንት ሰዎች ከ3 እስከ 11 ዓመት እንደተፈረደባቸው ተሰማ። የተጎጂዎቹ ቁጥር እስከ 400 ሊደርስ እንደሚችል ተገምቷል። ቡድኑም በአምስት ዓመት ውስጥ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሰብስቧል።

አሁን ጥያቄው ይምጣ። ይህ ሁሉ ሲሆን አሠሪዎቹ የት ነበሩ? እዚያው ነበሩ። እርሻው ሕጋዊ እርሻ ነው፤ ምርቱም የሚሄደው ስማቸው ወደገነነ ሱፐርማርኬቶች ነው። ሠራተኞቹም ያኔ ፖላንድም እንግሊዝም የአውሮፓ ኅብረት አባል ስለነበሩ የመሥራት መብት ነበራቸው። ድርጅቱ ደመወዛቸውን አልከለከለም፤ ከፍሏል። የከፈለው ግን ወንበዴዎቹ ወደሚያዙበት የባንክ ሒሳብ ነበር። ከቡድኑ አባላት አንዷ ደግሞ ሠራተኛ አቅራቢ ኤጀንሲ ውስጥ ገብታ ትሠራ ነበር። እናስበው እስቲ፤ ቅሬታ ያለው ሰው አቤት የሚለው ለማን ነው? ለእርሷ!

ብዙ ድርጅቶች ስለ ባርነት ሲጠየቁ ዓይናቸውን ወደ ሩቅ አገር፣ ወደ ማዕድን ጉድጓድና ወደ ጥጥ ማሳ ይልካሉ። እዚያም አለ፤ አልክድም። የዚህ ታሪክ ማስረጃ ግን የተኛው በራሳቸው የደመወዝ መዝገብ፣ በፔሮላቸው ላይ ነበር። የተለያየ ስም ያላቸው ሠራተኞች ደመወዝ ወደ አንድ ሒሳብ ይገባል። አሥር ሰው አንድ የቤት አድራሻ ይሞላል። የሁሉም ስልክ ቁጥር አንድ ነው፤ ብትደውሉ የሚያነሳው ሁልጊዜ ያው ሰው ነው። ቅጥር ሲመጡ አጠገባቸው ቆሞ የሚያስተረጉምላቸውም እርሱ ነው። ይህን ለማየት መርማሪ ፖሊስ መሆን አያስፈልግም፤ የደመወዝ ክፍል ሠራተኛ በኮምፒውተሩ አንድ ከሰዓት በኋላ የሚጨርሰው ማጣራት ነው። ችግሩ ማንም «አጣራ» አላለውም።

በእርግጥ የሒሳብ ቁጥር መመሳሰል ብቻውን ወንጀል አይደለም። በባዕድ አገር የኖራችሁ አድማጮቼ ታውቁታላችሁ፤ አዲስ የመጣ ሰው ወረቀቱ እስኪስተካከል «ለጊዜው በእኔ ይግባልህ» የሚለው ዘመድ አያጣም። ባልና ሚስትም በአንድ ሒሳብ ይጠቀማሉ። ስለዚህ የሚከተለው እርምጃ ክስ ሳይሆን ጨዋታ ነው፤ ሠራተኛውን ለብቻው ጠርቶ፣ በሚገባው ቋንቋ፣ ያ «አስተርጓሚው» በሌለበት ማነጋገር። ካርድህ ማን እጅ ነው? ፓስፖርትህስ? እዚህ ለመምጣት ለማን ስንት ከፈልክ? ሥራውን ብትተው ምን ይደርስብሃል?

የመጨረሻዋ ጥያቄ ዋናዋ ናት። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1930 ባወጣው ስምምነት የግዳጅ ሥራን የለየው በእርሷ ነው፤ ሰው በቅጣት እየተዛተበት የሚሠራው፣ በፈቃዱ ያልገባበት ሥራ ማለት ነው። ዝቅተኛ ደመወዝ ግፍ ሊሆን ይችላል፣ ክፉ አለቃም አሳር ነው፤ በራሳቸው ግን ባርነት አይደሉም። መውጣት ሲከለከል ነው ነገሩ የሚለወጠው። ያው የሥራ ድርጅት በ2021 በግዳጅ ሥራ ውስጥ ነበሩ ብሎ የገመታቸው 27.6 ሚሊዮን ሰዎች ናቸው።

እንግሊዞች ሕግ አላወጡም እንዳይባል፣ ያ ሁሉ ሲፈጸም በ2015 አንድ ሕግ አጽድቀዋል። ዓመታዊ ሽያጩ 36 ሚሊዮን ፓውንድና ከዚያ በላይ የሆነ ድርጅት በየዓመቱ ባርነትን ለመከላከል ምን እንዳደረገ በመግለጫ እንዲያሳውቅ ያዛል። ቦርዱ ያጸድቀዋል፣ ዳይሬክተር ይፈርምበታል። ጉዱ ግን እዚህ ነው፤ «ምንም አላደረግንም» ብሎ መጻፍም በሕጉ ይፈቀዳል። የገንዘብ ቅጣትም የለበትም። አንዳንዶቹን መግለጫዎች ብታነቧቸው በቀለም ያሸበረቁ ናቸው፤ ፔሮል የሚል ቃል ግን ፈልጋችሁ አታገኙም።

ሠራተኛን አስሮ የሚያስቀረው ሌላው ገመድ ዕዳ ነው። ማሌዥያ ውስጥ ቶፕ ግሎቭ የሚባል፣ በዓለም በግዙፍነቱ የታወቀ የላስቲክ ጓንት አምራች አለ። ሠራተኞቹ በብዛት ከባንግላዴሽና ከኔፓል የሚመጡ ናቸው። ብዙዎቹ ገና ከአገራቸው ሳይነሡ ለደላላ ከፍለዋል፤ ለመክፈልም ተበድረዋል። እንዲህ ያለው ሰው ፋብሪካው ሲከፋበት ጥሎ አይሄድም፤ አበዳሪው አገር ቤት፣ ቤተሰቡ ደጃፍ ቁጭ ብሏል። በ2020፣ በኮቪድ ምክንያት ዓለም ጓንት ሲሻማ፣ የአሜሪካ ጉምሩክ በሥሩ ያሉ የሁለት ኩባንያዎችን ምርት አገደ፤ በ2021 ደግሞ የግዳጅ ሥራ መኖሩን ማረጋገጡን ገለጸ። ኩባንያው ከ130 ሚሊዮን ሪንጊት በላይ ለሠራተኞቹ መለሰ፤ እገዳውም በዚያው ዓመት ተነሣ። ስብሰባና ሥልጠና ያላመጡትን ለውጥ ወደብ ላይ የቆመ ኮንቴይነር አመጣው።

የደላላ ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ማስረጃ አያሻውም። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጃችን፣ ቁጥር 923፣ ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን ክፍያ በአሠሪው ላይ ጥሎታል። ፓስፖርትና የጤና ምርመራን የመሳሰለው ነው የሠራተኛው ድርሻ። አረብ አገር ልጁን ለመላክ በሬውን የሸጠ ገበሬ ግን የከፈለውን ዝርዝር ቢጠየቅ አዋጁ ውስጥ ያለውን አይነግራችሁም፤ ደረሰኝም የለውም።

የአውሮፓ ኅብረትም በግዳጅ ሥራ የተመረተን ዕቃ ከገበያው የሚያግድ ደንብ አጽድቋል፤ ሥራ ላይ የሚውለው በታኅሣሥ 2027 ነው። አበባና ልብስ ወደዚያ የሚልኩ የእኛ አገር ድርጅቶችም ጥያቄው ይደርሳቸዋል። ሠራተኛህን ያመጣው ማን ነው? ኤጀንሲው ከሌላ ኤጀንሲ ተቀብሎ ይሆን? ብዙ ፋብሪካ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አለው፤ ለሁለተኛው ግን ራሱም ጠይቆ አያውቅም።

ችግሩ የተገኘ ቀንስ? አንዳንድ ድርጅት እንደ ተቃጠለ ድስት በጨርቅ ይዞ ወደ ውጭ ይጥለዋል፤ ሠራተኛውን ያሰናብታል፣ ከአቅራቢው ፋብሪካ ጋር ያለውን ውል ያፈርሳል፣ መግለጫ ያወጣል። የተሰናበተው ሰው ማታ የሚገባው ግን እዚያው ያዦቹ ቤት ነው፤ አሁን ደግሞ ገቢ ሳያመጣ። ውሉ የፈረሰበትም አቅራቢ ሠራተኛውን ዕዳው ላይ ጥሎ ይበትናል። አስቀድሞ ማደሪያና ሕጋዊ ከለላ ማግኘት፣ ቀጥሎ የተቀማውን ደመወዝ ማስመለስ፣ ለደላላ የተከፈለውን መተካት ያስፈልጋል። ይህንን ሒሳብ ማን ይከፍለዋል በሚለው ላይ ምርት ገዢ ድርጅቶችና አቅራቢ ፋብሪካዎች እስካሁን ይጨቃጨቃሉ። ገዢው «ፋብሪካው ያመጣው ጣጣ ነው» ይላል፤ ፋብሪካውም «በሰጠኸኝ ዋጋ ከዚህ የተሻለ መቅጠር አልችልም ነበር» ይላል። እኔ ገዢው ይጋራ ባይ ነኝ፤ ዋጋ ቀንስ፣ ጊዜ አሳጥር እያለ በየዓመቱ ሲደውል የነበረው እርሱ ነውና።