የመረዳጃ ጠረጴዛችን አሠራር እንዴት ይሻሻል?

(በመንደራችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ በጠረጴዛው አስተባባሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ በማኅበራችን አዳራሽ በረንዳ ላይ የሚዘረጋውን ጠረጴዛ የማያውቅ ያለ አይመስለንም። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ጥቂት ወጣቶችና አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ደመወዝ የለ፣ አበል የለ። ማመልከቻ የሚጽፍለት ያጣ፣ ስልኩ አልታዘዝ ያለው፣ የመብራት ካርድ ሞልቶ ቆጣሪው እንቢ ያለው፣ የፋይዳ ምዝገባ ግራ የገባው ሁሉ ወደዚያው ይመጣል።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ፣ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅም በ2015 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ፣ ቀድሞ በመስኮት ተሰልፈን እናስፈጽመው ከነበረው ጉዳይ ብዙው ወደ ስልክ ገብቷል። ለለመደው ሰው የደቂቃ ሥራ ነው፤ ይህን አንክድም። ፊደል ላልቆጠረ፣ ዓይኑ ለደከመ፣ ልጆቹ ሩቅ ለሆኑበት ሰው ግን በየጊዜው የሰው ፊት ማየት ሆኖበታል። ጠረጴዛው የተዘረጋው ለዚህ ሰው ነው። ስለሆነም ጠረጴዛው ሠራ አልሠራ የሚባለው እኛ ስንት ሰዓት ተቀመጥን ተብሎ ሳይሆን፣ ይህ ሰው ጉዳዩ አልቆለት ቤቱ ገባ ወይ ተብሎ ነው።

እዚህ ላይ ቅሬታ ቀርቧል፤ መቅረቡም ደግ ነው። አንዲት እናታችን በአንድ ጉዳይ ሦስት ቅዳሜ ተመላልሰዋል። በመጀመሪያው ቀን ያገኙት ልጅ ነገሩን ጀምሮላቸው ነበር። በሁለተኛው እሱ ፈተና ስለነበረበት አልመጣም፤ በቦታው የተቀመጠችው ልጅ ከሀ ብላ ጀመረች። በሦስተኛው ሌላ ሰው፣ ሌላ ጥያቄ። በአራተኛው ቅዳሜ እኒህ እናት አልመጡም። ማን ይፈርድባቸዋል? ልጆቹም ቢሆኑ ሰነፉ የሚባሉ አይደሉም። ነገሩ ወዲህ ነው፤ መልሱ ያለው በሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው፣ ሰውዬው ሲቀር መልሱም አብሮ ይቀራል።

እስቲ እድራችንን እንይ። ሌሊት ጥሩምባ ሲነፋ ድንኳኑ የት እንዳለ፣ ወንበሩ ስንት እንደሆነ፣ ተረኛው ማን እንደሆነ የሚጨነቅ አለ? የለም። ዕቃ ጠባቂው ቢታመም እንኳ መዝገቡ አለ፣ ቁልፉ ያለበት ይታወቃል። ጸሐፊው ተቀይሮ ሌላ ሲመረጥም ለቅሶው አይስተጓጎልም። የመረዳጃ ጠረጴዛችንም የሚያስፈልገው ይኸው ነው እንጂ ተአምር አይደለም።

በመሆኑም ጠረጴዛው ላይ አንድ ወፍራም መዝገብ ይቀመጣል። የመጣው ሰው ምን እንደጠየቀ፣ ምን እንደተሞከረ፣ የት ላይ እንደቆመ፣ ከነቀኑ ይጻፋል። ለባለ ጉዳዩ ተራ ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ይሰጠዋል፤ ሲመለስ ቁጥሩን ያሳያል፣ ተረኛው ማንም ይሁን ማን ካቆመበት ይቀጥላል። ስም አይጻፍም። የምስጢር ቁጥርማ በጭራሽ! ሌላም አንድ ዓምድ ይኖረዋል፦ «ተሳካ ወይስ አልተሳካም?» የሚል። ብዙ ሰው መልሱን ይዞ ይሄድና ደግ ይሁን ክፉ ሳይነግረን ይቀራል። ያልተሳካውን ካላወቅን ያንኑ መልስ ለሚቀጥለው ሰው ደግመን መስጠታችን ነው። እባካችሁ፣ በመንገድ ስታገኙን እንኳ «ያ ነገር አልሆነም» በሉን፤ አንቀየምም።

ሁለተኛው ነገር አጠያየቅ ነው። አፍ ያለው ጤፍ ይበደራል ይባላል፤ እንደምናየውም አፍ ያለው ቶሎ ይስተናገዳል፣ ዓይን አፋሩ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ይመሻል። ከዛሬ ጀምሮ በመጣበት ተራ ነው። ደግሞም ጥያቄውን ማውጣት የጠያቂው ሥራ ብቻ አይደለም። በፍርድ ቤትና በማዘጋጃ ቤት ደጅ ጥላ ዘርግተው የሚቀመጡትን ራፖር ጸሐፊዎች ተመልከቱ። ጎበዙ ራፖር ጸሐፊ ብዕሩን ከማንሳቱ በፊት ያዳምጣል፤ «ማን ነው? መቼ ነው? ከዚያስ?» ይላል። የእኛም ልጆች ስልኩን ከመቀበላቸው በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ምን ሊያደርጉ ፈልገው ነበር? ምን ነኩ? ስልኩስ ምን ብሎ መለሰ? «ስልኬ ተበላሸ» ብሎ የመጣ ሰው ካርዱ አልቆበት ሊሆን ይችላል። አንድ አባት «ቁጥሬ ጠፋ» ቢሉ የትኛው ቁጥር? የስልኩ ነው፣ 12 አኃዝ ያለው የፋይዳው ነው፣ ወይስ የምስጢሩ? ሦስቱም መፍትሔያቸው ለየቅል ነው።

«ይቺን እንኳ አያውቁም?» የሚል ቃል ከጠረጴዛው ዙሪያ ይጥፋ። ተረኛው ካላወቀ ደግሞ «አላውቅም፣ ጠይቄ ለቅዳሜ አደርሳለሁ» ማለት ነውር የለበትም። በግምት ከተሰጠ መልስ ይሻላል፤ በግምት የተሞላ ፎርም ሰውን ስንት ቀን እንደሚያመላልስ የደረሰበት ያውቀዋል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ፤ ወደ ገንዘቡ። አንድ ነዋሪያችን ልጃቸው ከቤይሩት የላከችላቸው የወር ወጪ በስልካቸው ገብቶ ሳለ፣ አንድ ሰው ደውሎ «ሽልማት ደርሶዎታል፣ አሁን በመልእክት የመጣውን ቁጥር ይንገሩኝ» አላቸው። እሳቸውም ነገሩት። ለምን አይንገሩት? ቁጥር ለሰው መንገርን ለምደውታል፤ ለሱቁ ልጅ፣ ለጎረቤት፣ ለሚረዳቸው ሁሉ። ገንዘቡ አልተገኘም። ነገሩን ብዙ አሰብንበት። የሚረዳ ሰው ሁሉ «የምስጢር ቁጥርዎን ይንገሩኝ፣ እኔ ልምታው» ካለ፣ አታላዩ ያንኑ ሲል እንዴት ይለዩት?

ስለዚህ ይህ ደንብ ልዩ ሁኔታ የለውም። ተረኛው የምስጢር ቁጥር አይጠይቅም፣ ቢነገረውም አይሰማም፣ ቁጥሩ ሲመታ ፊቱን ያዞራል። ቁጥሩን የሚመታው ባለቤቱ ነው። ዓይኑ ያልቻለለት ከቤተሰቡ የሚያምነውን ሰው ይዞ ይምጣ። ይህ ሥራውን ያዘገየዋል፤ እናውቃለን፣ ይዘግይ። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማታ ማታ አዋቂ ያስተማራችሁ በመካከላችን አላችሁ። እርሳሱን ከአዛውንቱ እጅ ነጥቆ ስማቸውን የጻፈላቸው ሰው አላስተማራቸውም፤ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ራሳቸው እስኪጽፉ የጠበቀው ነው ያስተማራቸው። ስልክም እንደዚያው ነው።

ስለ ልጆቹም ጥቂት እንበል። ሌሊት በር እየተንኳኳባቸው፣ ምሳ ሳይበሉ እየዋሉ ብዙ አይቆዩም፤ ከደከማቸው ደግሞ ሳይናገሩ ነው የሚቀሩት። ስለዚህ ሁለት ሁለት ሆነው በተራ ይቀመጣሉ። አዲስ የሚገባው ሁለት ቅዳሜ ከነባሩ ጎን ተቀምጦ ያያል። ከቅዳሜ ውጭ ቤታቸው አይኬድም፣ ከባድ ችግር ካልሆነ በቀር። የመጣችሁም ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ፣ የተጻጻፋችሁበትን ወረቀት ሁሉ ይዛችሁ ኑ። ቡና የምታፈላ እናት ብትገኝ ደግሞ እሰየው ነው።

ደጋግሞ የሚመጣው ጥያቄ መልሱ በትልልቁ ተጽፎ በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ማንበብ የሚችል አንብቦ ይሂድ፣ ለጎረቤቱም ያንብብለት። እያንዳንዱ ወረቀት የተጻፈበት ቀን ይኖረዋል። ክፍያና ደንብ ስለሚለወጥ በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ ተረኞቹ ሁሉንም አይተው ያረጀውን ይቀድዳሉ። ባለፈው ዓመት ዋጋ ተማምኖ ወጥቶ መመለስ ከታክሲው ወጪ በላይ ያናድዳል።

መዝገቡ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ ይገኛል። ለተራ መመዝገብ የሚፈልግ፣ ይልቁንም የእጅ ጽሑፉ የሚነበብ ሰው፣ እስከ ሐሙስ ማታ ለማኅበሩ ጸሐፊ ያሳውቅ። መነጽር ያላቸው አባቶችም አይቀሩ፤ ስልክ ባታውቁ ማመልከቻ መጻፍ ታውቃላችሁ።