ወገባችን፣ ካይሮፕራክተሩና የመረዳጃ ገንዘባችን

(በማኅበራችን የሩብ ዓመት ስብሰባ ላይ በሒሳብ ሹሟ የቀረበ ንግግር)



ሰብሳቢያችን ስለ ወገብ ሕመም ተናገሪ ስትለኝ መጀመሪያ ሳቅሁ። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ከመረዳጃ ገንዘባችን ለካይሮፕራክተር ይከፈልልን የሚል ጥያቄ ቀርቦ ዛሬ ልንወስንበት ነው። ገንዘቡ ደግሞ ከእናንተ ወርኃዊ መዋጮና ከለጋሾቻችን የመጣ ስለሆነ፣ ከመወሰናችን በፊት ጥናቶቹ ምን ይላሉ ብዬ ጥቂት ሳምንታት ሳነብ ቆየሁ።

አስቀድሜ የራሴን ልናገር። የዛሬ ሁለት ዓመት በታክስ ሰሞን ወገቤ ተያዘ። ከወንበር መነሣት አቃተኝ፣ ጫማዬን የምታስርልኝ ልጄ ነበረች። ጓደኛዬ ወደ አንድ ካይሮፕራክተር ወሰደችኝ። በጎኔ አስተኝቶ ወገቤን ቋ አደረገው፤ ስወጣ ቀለል ብሎኝ ነበር። እንግዳ ተቀባይዋ ወዲያው የ24 ቀጠሮ ውል አቀረበችልኝ። አስቀድሞ ለሚከፍል ቅናሽ አለው አለችኝ። የሰውን ውል ቀን ከሌት የማነበው እኔ የራሴን ሳላነብ ፈረምኩ። በአምስተኛው ቀጠሮ ድኜ ነበር። የቀረው የ19 ቀጠሮ ገንዘብ ግን አልተመለሰልኝም።

እንግዲህ ያዳነኝ ማን ነው? ሰውየው ነው ወይስ ጊዜው? ድንገተኛ የወገብ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በራሱ ይቀላል። ሰው ደግሞ ሕክምና የሚሄደው ሕመሙ በጠናበት ቀን ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ምንም ባይደረግ እንኳ ለብዙዎቻችን መሻሉ አይቀርም። በእኛ ሙያ ሱቅ በበዓል ዋዜማ ብዙ ሸጠ ተብሎ አዲሱ ሻጭ አይመሰገንም፤ ያለ እሱ ባለፈው በዓል ስንት ተሸጠ ተብሎ ይታያል። ጥናት የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ የታከመውን ካልታከመው ወይም በሌላ መንገድ ከታከመው ጋር ያስተያያል።

ከእናቶቻችን አንዷ ካይሮፕራክተሩን "የፈረንጅ ወጌሻ" ይሉታል። ልዩነት ግን አለው። ወጌሻ የተሰበረና የወለቀ ያሻል፣ ይጠግናል። ካይሮፕራክቲክን በ1895 በአይዋ ክፍለ ግዛት በዳቨንፖርት ከተማ የጀመረው ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር ግን አብዛኛው በሽታ የሚመጣው ከአከርካሪ አጥንት መዛባት ነው ብሎ ያምን ነበር። የመጀመሪያ ታካሚው የሕንፃ ጽዳት ሠራተኛው ሃርቪ ሊላርድ ነው፤ የመጣውም በወገብ ሳይሆን በጆሮ ምክንያት ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ የሚያክሙት ወገብና አንገት ነው። አስምሽን፣ ስኳርሽን አድንልሻለሁ የሚል ካጋጠማችሁ ቦርሳችሁን አንሥታችሁ ውጡ።

ለእኔ ዓይን የገለጠልኝ በ1998 የታተመው የሲያትል ጥናት ነው። 321 የወገብ ሕመምተኞችን በዕጣ ከሦስት ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን ወደ ካይሮፕራክተር፣ አንዱ ወደ ፊዚዮቴራፒ ሄደ፤ ለሦስተኛው ስለ ወገብ የምትመክር ትንሽ መጽሐፍ ብቻ ተሰጠው። ከአንድ ወር በኋላ ካይሮፕራክተር ጋ የሄዱት መጽሐፉን ካነበቡት ጥቂት ተሽሏቸው ነበር። ዓመት ሲሞላ ግን ልዩነቱ ጠፋ ማለት ይቻላል። የሁለት ዓመት ወጪው በአማካይ በሰው ሲሰላ፣ ለካይሮፕራክተር 429 ዶላር፣ ለፊዚዮቴራፒ 437፣ ለመጽሐፉ 153 ሆነ። ይህን ሳይ ፈርሜ የነበረው ውል ትዝ ብሎኝ አፈርኩ።

ነገር ግን ገንዘቡን ብቻ አይቼ ብፈርድ ልክ አልሆንም። በዚያው ጥናት በእጅ ከታከሙት ከአራቱ ሦስቱ ያህል ሕክምናቸውን አመስግነዋል፤ ከመጽሐፉ ቡድን ግን ያመሰገነው ከአሥሩ ሦስት ያህል ነው። ሰው ሲያመው የሚያዳምጠውና የሚዳስሰው ይፈልጋል።

ከዚያ ወዲህ የወጡትም ብዙ አይለዩም። በ2017 የታተመ የጥናቶች ግምገማ ለድንገተኛ የወገብ ሕመም አከርካሪን በእጅ ማስተካከል ከ100 ነጥብ ወደ 10 ነጥብ ያህል ሕመም ይቀንሳል ይላል፤ ይኸውም እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ። ለቆየ ሕመም በ2019 የወጣው ግምገማ 47 ጥናቶችንና 9,211 ሰዎችን ያካተተ ሲሆን፣ ውጤቱ እንደ እንቅስቃሴ ካሉ ከሚመከሩት ሌሎች ሕክምናዎች ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅም በ2017 መመሪያው ከመድኃኒት በፊት ሙቀት፣ መታሸት፣ አኩፓንቸር ወይም ይህንኑ የእጅ ሕክምና ሞክሩ ብሏል። ስለዚህ ማታለል ነው ማለት አልችልም። ይረዳል፣ ጥቂት ይረዳል። 24 ቀጠሮ አስቀድሞ የሚያስከፍል ነገር ግን አላገኘሁበትም።

አረጋውያንን በቤታቸው የምትንከባከብ አንዲት እህታችን ይህን ስነግራት "ጥናትሽ እኔን አያውቀኝም፤ ሰው ተሸክሜ ነው የምውለው" አለችኝ። እውነቷን ነው። ጥናት የሚያወራው ስለ አማካይ ነው። እሷ ሁለት ቀን ዕረፍት ብታገኝ ከማናችንም ሐኪም ይሻላት ይሆናል፤ ያንን ደግሞ እኛ መስጠት አንችልም።

ስለ አደጋው በአጭሩ። ከታከሙ በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ማመምና መጠዝጠዝ የተለመደ ነው። ከሕመሙ ጋር ሽንት መቆጣጠር ካቃታችሁ፣ በጭናችሁ መካከል ከደነዘዛችሁ፣ ወይም እግራችሁ ከዛለ ግን ካይሮፕራክተር ጋ አትሂዱ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ትኩሳት ያላችሁ፣ የወደቃችሁ፣ ካንሰር የነበረባችሁ፣ አጥንታችሁ የሳሳ መጀመሪያ ሐኪም ይያችሁ። አንገት ማስጠምዘዝን እኔ አልመክርም። አልፎ አልፎ የአንገት ደም ሥር ተሰንጥቆ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም የተቋረጠባቸው ሰዎች ተመዝግበዋል።

ሜዲኬር ላላችሁ እናቶቼ፦ ክፍል ቢ አከርካሪን በእጅ ለማስተካከል ይከፍላል። እዚያው የሚያስነሡትን ኤክስሬይና የሚያሹበትን ግን አይከፍልም። ስለዚህ ከመተኛታችሁ በፊት ስንት እንደሚደርስባችሁ ጠይቁ።

የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ሐኪም ላያት አባል ገንዘባችን እስከ ስድስት ቀጠሮ ይክፈል፣ በየቀጠሮው ደረሰኝ እየታየ። ፊዚዮቴራፒ ወይም የእንቅስቃሴ ትምህርት የመረጠችም ያንኑ ያህል ታግኝ። ለጥቅል ውል ግን አንክፈል። ስድስት የሚለውን ቁጥር ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ስድስት ሳምንት ያለውን ጥናትና ካዝናችንን አይቼ ነው። ይበዛል ወይም ያንሳል የምትሉ ተናገሩ።

ውል ፈርማችሁ ያላችሁ ደግሞ ወረቀቱን ይዛችሁ ኑ። ከቡና በኋላ እዚያ ጥግ እቀመጣለሁ፣ አብረን እናነበዋለን።